የቀለመወርቅ ዱቄት

እኛ አገር አንዲት አባባል አለች። ጉንፋን የያዘው ሰው ሳምንት ሙሉ ተጠቅልሎ ተኝቶ፣ የዶሮ መረቅ በላይ በላዩ እየጠጣ ሰንብቶ፣ በስምንተኛው ቀን ሲነሣ «ያቺ ያሸተትኳት ሥር ናት ያዳነችኝ!» ብሎ ሲምል፣ ከጥግ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርግና አባባሏን ጣል ያደርጋታል። አሁን አሁንማ ከከተማ በጠርሙስ የሚመጣው የጉልበት ክኒን፣ የወገብ ዱቄት፣ የደም ማጥሪያ ሽሮፕ ስለበዛ አባባሏም ሥራ በዝቶባታል። ወጣቶቹ ሲሰሟት ይስቃሉ እንጂ ከየት እንደመጣች አያውቁም። የመጣችው ከጥድ አምባ ነው፤ ከወይዘሮ አስረበብ ጓዳ። ራሷን አባባሏን ግን አሁን አልነግራችሁም፤ እሷን አስቀድሜ ከሰጠኋችሁ ታሪኩን ማን ይሰማኛል?

ወይዘሮ አስረበብ በጥድ አምባ የታወቀች ባለጸጋ ነበረች። ባሏ ሲሞት ሰፊ መሬትና ቢያድግልኝ የሚባል አንድ ልጅ ትቶላታል። ሀብቷን ያህል ግን ቋጣሪ ነበረች። እጇ ተከፍቶ የታየው ስትታጠብ ብቻ ነው ይሏታል። በጓዳዋ ሰባት የቅቤ ማሰሮ ተደርድሯል፤ የጓዳውና የሣጥኑ ቁልፍ ከመቀነቷ ጋር ታስሮ ወገቧ ላይ ይንጠለጠላል። ስትራመድ ሁለቱ ቁልፎች ቅጭል ቅጭል ስለሚሉ ጎረቤቱ መምጣቷን የሚያውቀው ከሩቅ ነው።

«ቅቤው ለማን ነው?» ሲሏት፣ «ለክፉ ቀን» ትላለች። ክፉው ቀን ግን አንድም ጊዜ መጥቶባት አያውቅም። ቢመጣም የሚቀምሰው ነገር እንደማይሰጡት ሳይሰማ አልቀረም።

ልጇ ቢያድግልኝ ያገባው በጥር ነው፤ ታሪኩ የሆነው ከዚያ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሙሽራይቱ አንጓች ትባላለች፤ የወንዝ ማዶው የባላምባራስ እንየው ልጅ። ስትመጣ ፊቷ ሙሉ፣ ክንዷ ደንዳና፣ ሳቋ ከግቢው አጥር የሚያልፍ ልጅ ነበረች፤ ከኋላዋም ሁለት የእርሻ በሬዎች እየተነዱ መጥተዋል። ዓመት ከሦስት ወር ባማቷ ቤት ስትኖር ከፊቷ ላይ የቀሩት ዓይኖቿና ሳቋ ብቻ ሆኑ።

እውነቱን ለመናገር አስረበብ ክፉ ሴት አልነበረችም። ምራቷን አትመታም፤ አትሰድብም። ብቻ ወፍጮው የአንጓች ነው፤ እንስራው የአንጓች ነው፤ ማገዶው የአንጓች ነው። ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ ሽሮው ከመቅጠኑ የተነሣ ከሥሩ ያለውን እንጀራ ዓይን በዓይኑ ታየዋለህ። ልጅቱ አልተናገረችም። ባሏን ስለምትወድ ዝም ብላ ትስቃለች።

ሁዳዴ ሊፈታ አንድ ሳምንት ሲቀረው ባላምባራስ እንየው ልጃቸውን ከአማቷ ጋር ገበያ ላይ አገኟት። ከበርበሬው ተራ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ አማቲቱ አዞሩ።

«ወይዘሮ አስረበብ» አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «ልጄን ስሰጥዎት ሰው ነበረች። ዛሬ ጥላዋ ነው የመጣልኝ።»

«ጾሙ ነው እኮ ባላምባራስ፣ ጾሙ ነው!»

«ጾሙን እኔም ጾሜዋለሁ» አሉና የሞላ ሆዳቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። በርበሬ ሻጮቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «እንግዲህ ለጰራቅሊጦስ ቤትዎ እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ። እንዲህ ሆና ካገኘኋት እሷም በሬዎቿም ከእኔ ጋር ይመለሳሉ። በዚህ ላይ ሽማግሌ አይላክብኝ።»

አስረበብ ወደ ቤቷ ስትመለስ ቁልፎቿ እንኳ አልተንቃጨሉም ይባላል። እነዚያ ሁለት በሬዎች የቤቱ ጥማድ ናቸው፤ እነሱ ከሄዱ መሬቱ ጦም ያድራል። ከበሬዎቹ የባሰው ግን ልጇ ነው።

«አንጓች ከሄደች» አላት ቢያድግልኝ፣ «እኔም ከበሬዎቹ ኋላ እሄዳለሁ። አማቼ ቤት እረኛ ሆኜ እኖራለሁ እንጂ ያለሷ እዚህ አልቀመጥም።»

«አንድ ልጄ! እኔን ለማን ትተህ?»

«ለቅቤሽ። እናቴ፣ ምን አስጨነቀሽ? ፋሲካ ደርሷል። ማሰሮውን ክፈቺና ቅቤና እንቁላል ትብላ። ሴቲቱ የራባት እንጂ ሌላ ምን አለባት?»

«ሃምሳ ቀን ሙሉ ቅቤ!» ብላ ጮኸች አስረበብ፣ ሁለት እጇን ቁልፎቿ ላይ ጭና። «የምን ጥጋብ ነው! ይኼ የቅቤ ነገር አይደለም፤ ዓይን ነው የበላት። ለዓይን ደግሞ መድኃኒት አለው።»

መድኃኒቱም እንደ ተጠራ ሁሉ በፋሲካ ማግሥት መጣ።

ቀለመወርቅ የሚባል ዞሮ አዳሪ ባለመድኃኒት ነበር። አገሩን የሚያውቅ የለም፤ አፉን ግን የማያውቅ የለም። በቅሎው ላይ ከኮርቻው ግራና ቀኝ የፍየል ቀንዶች በጠፍር ተንጠልጥለዋል፤ የእያንዳንዱ ቀንድ አፍ በሰም ተደፍኗል። አንዱ ለቁርጥማት፣ አንዱ ለመካን፣ አንዱ ችሎት ለሚቆም ሰው፤ ዳኛውን ያለሰልሳል የሚባልለት ነው። አስረበብ በቅሎውን አስቁማ ችግሯን ስትነግረው አንጓችን አስጠራና የዓይኗን ሽፋን ገለጥ አድርጎ አየ፤ ክርኗን ነካ ነካ አደረገ፤ ምላሷን አስወጣት። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ለዚህች ልጅ ደርሼላታለሁ» አለ። «አንድ ሳምንት ብዘገይ ኖሮ የማገኘው ነጠላዋን ነበር።» ከቀንዶቹ ጥቁሩን ፈትቶ ወደ ላይ አነሣው። «ይኼ ማወፈሪያ ነው። ከአርባ አራት ሥር የተቀመመ ዱቄት! በቀን አንዲት ቁንጥር።»

«አንዲት ቁንጥር ብቻ?» አለች አስረበብ፤ ልቧ ዘለለ።

«ብቻ።»

«ሌላ ወጪ የለውም?»

«ቀንዱን ከገዙ በኋላ ሰባራ ሳንቲም አያወጡም፣ እሜቴ።»

ቀለመወርቅ በግ ጠየቀ፤ አስረበብ ዶሮ ሰጠች። ቀለመወርቅ በቅሎውን ፈታ፤ አስረበብ ልጓሙን ያዘች። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ሲከራከሩ ቆይተው በአንድ ጠቦት ተስማሙ። ጠቦቱ ተጎትቶ ወጥቶ ከበቅሎው ኮርቻ ጋር ከታሰረና ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ከጠበቀ በኋላ ነው ቀለመወርቅ ጣቱን ያነሣው።

«አሁን ሥርዓቱን ልንገርዎት።»

«ምን ሥርዓት?»

«መድኃኒት ያለ ሥርዓት ቅጠል ነው፣ እሜቴ። አንደኛ፣ ልጅቱ ፀሐይ ሳትወጣ ከመኝታዋ መነሣት የለባትም። ስትነሣ ቁንጥሯን ይዛ ከቤት ጀርባ ትሄዳለች፤ ብቻዋን ትውጣለች፤ የሰው ጥላ ካረፈበት ይከሽፋል። ሁለተኛ፣ ዱቄቱ እሳት ነው፤ እሳት ደግሞ ማገዶ ይፈልጋል። ከዋጠች በኋላ አንድ ጭልፋ ንጥር ቅቤና ሁለት እንቁላል በላዩ ካላገኘ የራሷን ሥጋ ይበላል። ማታ ወተት። ሦስተኛ፣ ሸክም አትሸከምም፤ ወፍጮ አትነካም፤ ከነካች ዱቄቱ ወደ ወገቧ ወርዶ እዚያው ይቀራል። ይህንንም እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ብቻ፤ ረቡዕና ዓርብ በማይጾምበት በሃምሳው ካልሆነ ዱቄቱ አይሠራም።»

አስረበብ የበቅሎውን ልጓም እንደገና ያዘች። «ወጪ የለውም አላሉኝም ነበር?»

«የለውም። ቅቤው የራስዎ፣ እንቁላሉ የራስዎ፣ ወተቱ የራስዎ። ከገዛ ጓዳ የወጣ ነገር ወጪ ይባላል?»

«ሥርዓቱ ቢጎድልስ?»

«ዱቄቱ ይከሽፋል» አለ ቀለመወርቅ በቅሎው ላይ እየወጣ። «ጠቦቱ ግን አይመለስም።»

ጠቦቱ ከበቅሎው ኋላ እየጮኸ ከኮረብታው ሥር ሲጠፋ አስረበብ ቀንዱን ታቅፋ ደጇ ላይ ቆማ ቀረች። ያን ሌሊት ምን እንዳሰበች እግዜር ይወቀው። በማግሥቱ ጠዋት ግን ጎረቤቱ የጓዳው በር ሲንሲያጠጥ ሰማ። አንድ ጠቦት በከንቱ ከሚቀርባት ሰባት ማሰሮ ቅቤ ቢያልቅ መረጠች። ቋጣሪ ሰው እንዲህ ነው፤ የሰጠውን ትንሽ ላለማባከን ያለውን ሁሉ ያወጣል።

ሥርዓቱ ተጀመረ። አንጓች ፀሐይ ስትወጣ ትነሣለች። አማቷ ጓዳ ከቅቤው ማሰሮ በላይ ከሰቀለችው ቀንድ አንዲት ቁንጥር አውጥታ በቅጠል ጠቅልላ ትሰጣታለች፤ አንጓች ይዛ ወደ ቤቱ ጀርባ ትሄዳለች። ጥላ እንዳያርፍበት ተብሎ ቢያድግልኝ በጓሮው በኩል እንዳያልፍ ተከልክሏል፤ ልጆች ተከልክለዋል፤ አህያይቱ እንኳ ሌላ ቦታ ታስራለች። ያልተከለከለች አንዲት ገብስማ ዶሮ ብቻ ነበረች፤ አንጓች በሄደችበት ሁሉ ከኋላዋ ትር ትር እያለች ትከተላታለች።

አንጓች ስትመለስ አማቷ ጭልፋውን ይዛ በሩ ላይ ትጠብቃታለች።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ እሜቴ። አንዲትም አልቀረች።»

«አይመርሽም?»

«የመጀመሪያ ቀን መሮኝ ነበር። አሁን ምንም አይለኝም።»

«ጎሽ፣ ተላመደሽ ማለት ነው። በይ ነይ፣ ዱቄቱ ሳይቆጣ ቅቤውን ላኪበት።»

ውኃውን ቢያድግልኝ በአህያ ማመላለስ ጀመረ፤ የሰፈሩ ጎልማሶች ሳቁበት፤ እሱ አልሰማቸውም። ወፍጮው ግን ለአስረበብ ቀረ። ከስንት ዓመት በኋላ መጁን ይዛ ስትንበረከክ ወገቧ ለሁለት የሚከፈል መሰላት። ላቧ ዱቄቱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ቀና አለችና ደጅ ፀሐይ የምትሞቀውን ምራቷን አየቻት።

«ይኼን ነው በየቀኑ ስትፈጪ የኖርሽው?»

«ገና ግማሹ ነው፣ እሜቴ» አለች አንጓች።

አስረበብ ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች። በዚያ ቀን ከጭልፋው ቅቤ ጋር አንድ እንቁላል ጨመረችላት። ለዱቄቱ ነው ብላ ለራሷ ነገረች።

በሦስተኛው ሳምንት የአንጓች ጉንጭ ተመለሰ። በአምስተኛው የቀሚሷ እጅጌ ክንዷ ላይ አልወጣ አለ። ሳቋም እንደ ድሮው አጥሩን ዘልሎ ጎረቤት ይደርስ ጀመር። አስረበብ ደስታዋን መሸከም አቃታት። ልጇ አይሄድም፤ በሬዎቹ አይሄዱም፤ ባላምባራስ ያፍራሉ! እሁድ ከቅዳሴ መልስ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ሴቶቹን ሰብስባ ታስተምር ጀመር። «ዱቄት በሉኝ እናንተዬ! ያ ዱቄት ሰው አይደለም፣ ግንድ ያወፍራል!» ሦስት ሴቶች ቀለመወርቅ ሲመጣ ጥሩን ብለው ለመኗት።

አያ ደምለው ከዋርካው ሥር ሆነው ይሰሟታል። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሰው ሲታረቅ ደግሞ በምላሳቸው የሚያጣሉ።

«አስረበብ» አሉ፣ «እስቲ አንድ ሳምንት ቅቤውን ያለ ዱቄት ስጫትና እንያት።»

«ሥርዓቱ ይፈርሳላ!»

«እንግዲያው ዱቄቱን ያለ ቅቤ ስጫት።»

«ሥጋዋን ይበላታላ!»

«አቤት፣ ብልህ ዱቄት!» አሉ አያ ደምለው። «በዚህም በዚያም በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። የኔም ውሻ እኮ ከፋሲካ ወዲህ ወፍሯል። ማን ዱቄት ሰጠው?»

«የርስዎ ውሻማ አጥንት አግኝቶ ነው!»

«እህ» አሉ ሽማግሌው።

አስረበብ «እርስዎ በምን ያምናሉ!» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። እልኳ ግን ጨመረ። ለጰራቅሊጦስ ቀለመወርቅን በክብር እንግድነት ጠርታ፣ በባላምባራስ ፊት ልትሸልመው ወሰነች። ሽልማቱም ምን እንደሆነ ሲሰማ ሰፈሩ አላምን አለ። ለራሷ በገዛ እጇ ፈትላ፣ ለመሞቻዬ ብላ ከሣጥን የቆለፈችው ባለ ጥበብ አዲስ ጋቢ!

የበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። የሚታረድ ዶሮ መምረጥ ነበረባት። አውራው ዶሮ ሰዓት ይነግራል፤ ቀዩዋ ዶሮ ትጥላለች። ገብስማዋ ግን ከወር ወዲህ እንቁላል ጠብ ስላላደረገች ዕጣው በእሷ ላይ ወደቀ። ላባዋ ሲታይ ትልቅ ዶሮ ናት። ቢያድግልኝ አረዳት፤ አማትና ምራት በፈላ ውኃ ነጯት። ላባው ሲወርድ አስረበብ ደነገጠች።

«በስመ አብ! ይቺ ዶሮ ምን ነክቷት ነው? ሥጋዋ የት ሄደ?»

አንጓች ከንፈሯን ነክሳ ጎንበስ አለች። «እንጃ፣ እሜቴ።»

«የምትለቅመው አጥታ ነው እንዳልል በየጠዋቱ ከጓሮ ስትለቅም አያታለሁ።»

«እኔም አያታለሁ» አለች አንጓች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

አስረበብ ሌላ ዶሮ ለማረድ አንጀቷ እንቢ አላት። ሽንኩርቱን አበዛችበት፤ ቅቤውን አበዛችበት፤ ለአሥራ ሁለቱ ብልት አሥራ ሁለት እንቁላል ጣለችበት። ወጥ ሥጋን ይሸፍናል ብላ ተስፋ አደረገች።

በበዓሉ ቀን ባላምባራስ እንየው ሁለት ዘመዶቻቸውን አስከትለው መጡ። በሬዎቹን ለመንዳት የመጣ ጅራፍ ከአንደኛው ትከሻ ላይ ተሰክቷል። አስረበብ ያን ጅራፍ ስታይ ዓይኗ ወደ በሬዎቹ ሄደ። አንጓች ግን ከቤት ሮጣ ወጣችና አባቷ ጉልበት ላይ ተደፋች፤ ባላምባራስ ቀና አድርገው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ልጄ!» አሉ። «መጣሽልኝ!»

ጅራፉ ከደጅ ተሰቀለ፤ እንግዶቹ ገቡ፤ አያ ደምለውም በጎረቤትነታቸው ቦታቸውን ያዙ። የመንደሩ ሴቶች ከበሩ አካባቢ ቆመዋል። ቀለመወርቅ ከባላምባራስ ጎን ተቀምጦ የሃምሳ ቀኑን ድል ይተርካል፤ ልጅቱን ከመቃብር አፋፍ እንዴት እንደመለሳት ሲናገር ባላምባራስ ራሳቸውን በአድናቆት ይነቀንቃሉ። አስረበብ ሣጥኗን ከፈተች፤ ጋቢውን አውጥታ ዘረጋችው፤ ነጭነቱ ቤቱን አበራው። ቀለመወርቅ ትከሻ ላይ ስትጥልለት ሴቶቹ እልል አሉ። እሱም ጋቢውን እስከ ጉልበቱ አጣፍቶ ተጀነነ።

ዶሮው ቀረበ። ፈረሰኛው እንደ ወጉ ለክብር እንግዳው ለባላምባራስ ወጣ፤ እግሩ ለአያ ደምለው። ባላምባራስ አንድ ጊዜ ጋጥ አድርገው ቆም አሉ፤ አጥንቱን ከወጡ አውጥተው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት፤ እንግዳ ናቸውና ምንም አልተናገሩም። አያ ደምለው ግን እንግዳ አልነበሩም።

«አስረበብ» አሉ፣ እግሩን ወደ ብርሃኑ አንሥተው እያዩ፤ «ይቺ ዶሮ ገና ሁዳዴን አልፈታችም እንዴ?»

ቤቱ ሳቀ። አስረበብ በኀፍረት ቀላች። ቀለመወርቅ ሊያድናት ተንጠራራ።

«እኔን ማማከር ነበር፣ እሜቴ» አለ። «ዱቄቱ ለሰው ብቻ መሰለዎት? ከዚያ ቀንድ አንዲት ቁንጥር ለዶሮዋ ቢበትኑላት ኖሮ ዛሬ ይህን ማዕድ የሚሸከመው ወንድ ባልተገኘ!»

አንጓች ጠላ እየቀዳች ነበር። አፏን በክንዷ ልትይዘው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ሳቋ ፈነዳና ጠላው የአንደኛውን ዘመድ ጉልበት አጠበው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ ባላምባራስ።

«አንዲት ቁንጥር ሲል ሰምቼ ነው፣ አባዬ» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ቀንዱን ሙሉ የበላችው እሷ ናት።»

የቀለመወርቅ ጉርሻ ከአፉ ደጃፍ ቆመ።

«የመጀመሪያውን ቀን አፌ ውስጥ ሳደርገው አስመለሰኝ» አለች አንጓች። «በሁለተኛው ቀን መሬት ላይ አራገፍኩት፤ ገብስማዋ ሮጣ መጥታ ለቀመችው። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እየጠበቀች አንዲት አላስተረፈችም። እኔ ቅቤውን በላሁ፤ እሷ ዱቄቱን።»

አያ ደምለው የያዙትን ቀጭን እግር በክብር ማዕዱ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ የሆነውን ሳቅ ሰዎች ሲናገሩ ከምሰሶው ላይ ጥቀርሻ ረገፈ ይላሉ። ቀለመወርቅ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም።

«ምን ያስቃችኋል?» አለ ቆጣ ብሎ። «ቀንዱ የት ነበር የተሰቀለው? ከቅቤው ማሰሮ በላይ! ኃይሉ ወደ ቅቤው ወርዶ በቅቤው በኩል ሠርቷል። ዶሮዋ ያገኘችው ገለባውን ነው።»

ከበሩ አካባቢ የቆሙት ሴቶች ተያዩ። አንዷ «እውነትም ከማሰሮው በላይ ነበር» ስትል ተሰማች።

ባላምባራስ ግን አልሳቁም። ሰሐኑን ከፊታቸው ገፋ አደረጉ። «ስለዚህ ልጄን ያዳናት ቅቤው ነው» አሉ ቀስ ብለው፤ ልክ እንደ ገበያው ዕለት። «እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ወይዘሮ አስረበብ። ከፋሲካ በፊት፣ ያን ዓመት ሙሉ፣ ይኼ ቅቤ የት ነበር?»

ሳቁ ሞተ። ቢያድግልኝ ከተቀመጠበት ተነሣ። ጅራፉ በተከፈተው በር ውጭ ካለበት ሚስማር ላይ ይታያል።

አስረበብ ወደ ምራቷ ዞረች። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። «ዱቄቱን እንደማትውጪው ለምን አልነገርሽኝም?»

«ዱቄቱ ከቀረ ቅቤውም ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ፣ እሜቴ» አለች አንጓች።

ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም፤ ለዚያ ነው ነገሩ አስረበብ ልብ ውስጥ የገባው። ሰው ሁሉ ያያታል። ብዙ ሰበብ ወደ አፏ መጣ፤ ጾሙ፣ ዓይኑ፣ ክፉው ቀን። ወፍጮውም ትዝ አላት፤ ወገቧ አሁንም ያማታል። አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

«ጓዳ ነበር፣ ባላምባራስ» አለች በመጨረሻ። «ቅቤው ጓዳ ነበር። ቁልፉ እኔ ወገብ ላይ።»

መቀነቷን መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው የስንት ዓመት ቋጠሮ ስለሆነ አልፈታ አላት፤ በጥርሷ ሳበችው። የጓዳውን ቁልፍ አወጣችና አንጓች መዳፍ ላይ አኖረችው፤ ጣቶቿንም በላዩ ላይ አጠፈችላቸው። «በይ፣ ክፉ ቀንም በጎ ቀንም ካሁን ወዲያ የሚቆጠረው ባንቺ ነው» አለች። ከዚያ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ለኀፍረቷ ይሁን ለቅቤዋ እሷም አታውቀውም።

ባላምባራስ ቁልፉን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ለዘመዳቸው «ያን ጅራፍ ከሚስማሩ አውርድና ለቢያድግልኝ ስጠው፤ ክረምቱ ደርሷል፤ በሬዎቹን ይነዳበታል» አሉ። ቢያድግልኝ ከአማቹ እግር ላይ ወደቀ፤ ሴቶቹ እንደገና እልል አሉ፤ የተረፈው ጠላ ተቀዳ።

በዚያ ግርግር መካከል ነው አስረበብ ጋቢዋ ትዝ ያላት። ዞር ብላ የቀለመወርቅን ቦታ ብታይ ባዶ ነው። ከማዕዱ የወሰደው ነገር ቢኖር አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ሁሉም ወደ ደጅ ወጣ። ቀለመወርቅ በቅሎው ላይ ተቀምጦ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ አዲሱ ጋቢ በነፋሱ ተነፍቶ፣ ጥበቡ በፀሐይ እያብረቀረቀ። ከኋላው ደግሞ እነዚያ ሦስቱ ሴቶች ነጠላቸውን በእጃቸው ሰብስበው ይሮጣሉ።

«አንቱ ባለመድኃኒት! ቆዩን!» ትላለች አንዲቱ። «ከማሰሮው በላይ ስንት ክንድ ነው የሚሰቀለው?»

አስረበብ በሩ ላይ ቆማ ጋቢዋ እስኪጠፋ ድረስ አየችው፤ ከዚያ ከአጠገቧ ወደ ቆሙት ሽማግሌ ዞረች። «አያ ደምለው፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለች፤ «ይኼ ምን ይባላል?»

አያ ደምለው ከጥርሳቸው መካከል የገባውን የገብስማዋን አጥንት በጣታቸው አወጡና ቁልቁለቱን እያዩ እንዲህ አሉ፦ «ቅቤ አወፈረ፣ ዱቄት ተሸለመ።»